ቋጥኝ የሚወጣ እግር ከጫማው ምን ይፈልጋል?

(ሐረር ላይ ለጫማ ሰሪዎችና ቋጥኝ ለሚወጡ ወጣቶች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ተቀምጧል። ወዲህ ከቆዳና ከማስቲሽ ጋር የኖሩ ጫማ ሰሪዎች አሉ፤ ወዲያ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ወደ ባቢሌ ወርደው የዳካታ ቋጥኞች ላይ የሚንጠላጠሉ ወጣቶች። ሁለቱ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ ጫማው ካለቀ በኋላ ነው። ወጣቱ «ሶሉን ቀይሩልኝ» ይላል። ጫማ ሰሪው እንደ ሌላው ጫማ አይቶት ወፈር ያለ ጎማ ይለጥፍለታል፤ እንዳይነቀል ብሎም ዳር ዳሩን በምስማር ይመታዋል ወይም በወስፌ ይሰፋዋል። ለመንገድ ጫማ ቢሆን ሥራው እንከን አይወጣለትም። ለቋጥኝ ግን ጫማው በዚያው አበቃ። ስለዚህ መጀመሪያ ይህ ጫማ እግር ላይ ምን እንደሚሠራ እናያለን፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለማያውቀው፣ እነዚህ ወጣቶች የሚሠሩት ስፖርት ቦልደሪንግ ይባላል፤ ያለ ገመድ፣ ከታች ወፍራም ፍራሽ ተነጥፎ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር የሚሆን ቋጥኝ መውጣት ነው። ጫማው እግር ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ወጥቶ የወረደ ሰው ወዲያው ያወልቀዋል። በዚህ ምክንያት ጫማ ሰሪ ከሚያውቃቸው ሕጎች ግማሾቹ እዚህ አይሠሩም። ታኮ የለውም። ስፖንጅ የለውም። ካልሲ አይደረግበትም። ደንበኛው «ጣቴን ነካኝ» ካለ ጫማው ገና አልጠበበም ማለት ነው፤ ጣቶች ጫፉን ነክተው በመጠኑ መታጠፍ አለባቸው።

ክላይመርን፣ ማለትም ቋጥኝ ወጪን፣ ስለ ጫማ ብትጠይቁት አስቀድሞ የሚያነሳላችሁ ጎማውን ነው። ይይዛል፣ አይይዝም፣ ይኼኛው ከዚያኛው ይሻላል፤ ወሬው ሁሉ እዚያ ነው። ጎማው መያዝ እንዳለበት ማንም አይክድም። ሆኖም «ጎማው ከዳኝ» ከሚባሉት መንሸራተቶች ብዙዎቹ የልክ ችግር ናቸው። እግር ጫማው ውስጥ ስለተንቀሳቀሰ ጫማው ድንጋዩ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ ነገሩ ይኼው ነው።

ቀረብ ብለን እንየው። አምስት ሚሊሜትር ወርድ ያላት የድንጋይ ጠርዝ አለች እንበል። የሰውየው ክብደት ከባት ወደ ተረከዝ፣ ከተረከዝ በውስጥ እግሩ ተሻግሮ ወደ አውራ ጣቱ ይመጣል፤ ጠርዟን የሚረግጠው የአውራ ጣቱ ውስጠኛ ጎን ነው። አሁን ጫማው ውስጥ ከጣቱ ፊት ሦስት ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ቢኖር፣ ክብደት ሲያርፍ ጣቱ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ የጫማው አፍንጫ ደግሞ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ከአምስቱ ሚሊሜትር ጠርዙን የሚነካው ሁለቱ ብቻ ይሆናል። የዓለም ምርጡ ጎማ ቢለጠፍበትም ይህንን አያድነውም።

የጫማው ታሪክም ያንን መንገድ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፈረንሳዊው ፒየር አላን ከፓሪስ በስተደቡብ ባለው በፎንተንብሎ ደን ላሉት የአሸዋ ድንጋይ ቋጥኞች የሚሆን፣ ለስላሳ የጎማ ሶል ያለው ቀላል ጫማ ሠራ። በ1982 የስፔኑ ጫማ ፋብሪካ ቦሬያል፣ ፊሬ የተባለውን ጫማ ሲያወጣ ጎማው ከነበሩት ሁሉ በጣም ይይዝ ስለነበር ገበያውን ቀየረው። በ1985 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ፋይቭ ቴን የተባለው ጫማ ፋብሪካ፣ ስቴልዝ ከሚባለው ጎማው ጋር፣ ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ጎማ የሁሉም ፋብሪካ ሆነ። ፉክክሩ ወደ ቅርጽ ዞረ፤ ተረከዙ እንዴት ይቀመጥ፣ አፍንጫው ምን ያህል ይቆልመም፣ ውጥረቱ በየት በኩል ይሂድ የሚለው ጥያቄ ዋና ሆነ።

ስለዚህ ከፎርማው፣ ማለትም ጫማው ከሚቀረጽበት የእግር ቅርጽ፣ እንጀምር። ጫማ ሰሪዎች፣ እናንተ ዘንድ ያለው ፎርማ ለመራመጃ የተሠራ ነው፤ አፍንጫው በመሃል ያልቃል፣ ከፊቱም ለጣት መተንፈሻ ይተዋል። የቋጥኝ ጫማ ፎርማ ወደ አውራ ጣት ያጋደለ ነው፤ ከላይ ሲታይ ሹሉ ጫፍ ከመሃል ወጥቶ ከአውራ ጣቱ ፊት ይገኛል። ደንበኛ ሲመጣ እግሩን ወረቀት ላይ አቁማችሁ በእርሳስ ዙሩት፤ እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ወደ ውስጥ አይዘንብል። ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ያብጣል፣ ድሬዳዋ ሙቀት ላይ ደግሞ ይበልጡን። ከዚያ ሦስት ነገር ለኩ፦ ርዝመቱን በሚሊሜትር፣ ከጣቶቹ ሥር ያለውን የሰፊውን ቦታ ዙሪያ፣ የተረከዙን ወርድ። አራተኛው ነገር በዓይን የሚታይ ነው፤ አውራ ጣቱ ነው የሚረዝመው ወይስ ሁለተኛው? ሁለተኛው ጣት የሚረዝምበት ሰው በአውራ ጣት በኩል የሾለ ጫማ ሲያደርግ ሁለተኛዋ ጣት ከሚገባው በላይ ታጥፋ ትቀጠቀጣለች። እንዲህ ያለ ሰው የሚፈልገው ጫፉ ወደ መሃል መለስ ያለ ቅርጽ ነው። ቁጥር ዝቅ ወይም ከፍ በማድረግ የሚፈታ ችግር አይደለም።

ቁጥርን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ገበያችን የለመደው 40፣ 41፣ 42 የሚለው የአውሮፓ ቁጥር አንድ እርምጃው ስድስት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህ ለመንገድ ጫማ በቂ ነው፤ ለቋጥኝ ጫማ ግን በአንድ እርምጃ ውስጥ ሰማይና ምድር ይለያያል፣ ግማሽ ቁጥር የሚሠራውም ለዚሁ ነው። በዚያ ላይ አንዱ ፋብሪካ 41 የሚለውን ሌላው 39 ብሎት ይገኛል። እዚህ ሱቅ ገብቶ አሥር ጥንድ እየለኩ መምረጥ ስለሌለ፣ ጫማው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ በሰው ሻንጣ ነው። የምትልኩት የመንገድ ጫማችሁን ቁጥር ብቻ ከሆነ ዕጣ እየጣላችሁ ነው። የእግር ርዝመት በሚሊሜትር፣ የእግሩ ፎቶ ከላይና ከጎን፣ የምትፈልጉት ሞዴል፣ እነዚህን አብራችሁ ላኩ።

ምን ያህል ይጥበብ የሚለው የሚወሰነው በላይኛው ክፍል ነው። ገበር የሌለው ቆዳ ሲለበስ አንድ ሙሉ ቁጥር ያህል ሊለጠጥ ይችላል፤ ገበር ያለው ቆዳ ግማሽ ያህል፤ ሰው ሠራሹ ጨርቅ ከነጭራሹ ብዙም አይሰጥም። ስለዚህ ገበር የሌለውን ቆዳ ሲገዙ «ትንሽ ጠበበኝ» ማለት ተገቢ ነው። ሰው ሠራሹን ግን «ይሰፋልኛል» ብሎ መግዛት እግርን መቅጣት ነው። ልኩ ሲደርስ የጣቶቹ አንጓ ወደ ላይ ጉብ ይላል፣ አንዱ ጣት ግን ሌላው ላይ አይወጣም። አንድ ደቂቃ ቆማችሁ ጣት መደንዘዝ ከጀመረ ጫማው ጠቧል። ሕመምን እንደ ችሎታ ምልክት የሚቆጥሩ ልጆች አሉ፤ የተጨፈለቀ ጣት አቅም የለውም፣ ጠርዝም አይረግጥም። ለዓመታት የተጨፈለቀ አውራ ጣት ደግሞ ወደ ጎን መጣመም ይጀምራል፤ የሥሩ አጥንት ይወጣል፣ እሱ ወደ ኋላ አይመለስም።

አሁን ወደ ተረከዝ። ለእኔ የአንድን የቋጥኝ ጫማ ጥራት የሚለየው ተረከዙ ነው፤ ሰው ግን ሲገዛ የሚያየው አፍንጫውን ነው። ቋጥኝ ላይ እግር እንደ እጅ የሚያገለግልበት ጊዜ አለ፤ ተረከዝን ከፍ አድርጎ ጠርዝ ላይ በመጥለፍ ገላን መሳብ። በዚያን ጊዜ ጉልበቱ ሁሉ ጫማውን ከእግር ለማውለቅ ይሠራል። የተረከዙ ኪስ ከሰፋ ውስጡ አየር ይይዛል፣ ሲሳብ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ይሾልካል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ጫማውን አጥብቃችሁ ተረከዛችሁን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጣሉትና በኃይል ወደ ራሳችሁ ሳቡ። «ፉስ» የሚል የአየር ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ከኪሱ ጎን የጎማ እጥፋት ካያችሁ፣ ኪሱ ለእናንተ አልተሠራም። ቁጥር መቀነስም አይፈታውም፤ ጣት ይጨፈለቃል፣ ተረከዙ ግን ቅርጹ ያው ነው። ሌላ ሞዴል ፈልጉ።

ተረከዙን የሚይዘው ምን እንደሆነ ጫማ ሰሪዎች በጥንቃቄ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ጥገና ላይ የሚበላሸው ይኼ ነውና። ከሶሉ ሌላ በጫማው ዙሪያ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የጎማ ጥብጣብ አለ። ዙሪያ ጎማ እንበለው። ይህ ጥብጣብ ለማማር ወይም ቆዳውን ከመላጥ ለመከላከል ብቻ የተደረገ አይደለም። በፋብሪካ ሲለጠፍ ከተረከዝ ጀርባ ተነስቶ በሁለቱም ጎን ወደ ፊት እየተወጠረ ነው። እግር ሲገባ ጥብጣቡ ተረከዙን ከኋላ ይገፋል፣ ግፊቱ ጣቶቹን አፍንጫው ውስጥ ይሰትራቸዋል። ቅድም ያልኩት የሦስት ሚሊሜትር ባዶ ቦታ የሚጠፋው በዚህ ውጥረት ነው። ውጥረቱ ከበዛ የቋንጃ ጅማቱን ከላይ ይቆርጣል፤ ካነሰ ደግሞ ተረከዙ ይላላል። ዙሪያ ጎማውን በስህተት የነቀለ ወይም በሙቀት ያላላ ጠጋኝ ጫማውን ወደ ሸራ ጫማነት ለውጦታል።

ወደ ታች የቆለመመ አፍንጫስ? እንደ ንስር መንቁር የታጠፈ ጫማ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ወጣቶቹም የሚመኙት እሱን ነው። ጥቅሙ ወደ ፊት ባጋደለ ግድግዳና በጣሪያ መሰል ድንጋይ ላይ ነው፤ እግር እንዳይወድቅ ጣት መያዣውን እየጎተተ ይቆያል። ጋደም ባለ ድንጋይ ላይ ግን ያው ቅርጽ ጠላት ይሆናል። እዚያ የሚያስፈልገው ሶሉን ድንጋዩ ላይ መለጠፍ ነው፤ የቆለመመ ጫማ ደግሞ የሚነካው በጫፉ ብቻ ነው። የጎማ ሰበቃ እንደ ብረት አይደለም። አንድ ነጥብ ላይ የሚያርፈው ጫና በጨመረ ቁጥር ጎማው በዚያው ልክ አይይዝም፤ ክብደቱ ሰፋ ባለ የጎማ ስፋት ላይ ሲከፋፈል ይሻላል። ጋደም ያለ ድንጋይ ላይ «ተረከዝህን ዝቅ አድርግ» የሚባለው ለዚህ ነው።

የዳካታን ድንጋይ ያየ ሰው የትኛው እንደሚያስፈልገው ይገባዋል። ግራናይት ነው፤ ክብ ክብ ትከሻ ያላቸው፣ አንዳንዶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተሰይመው የቆሙ ቋጥኞች። ቅንጣቶቹ ሻካራ ናቸው፤ ጎማ ይይዝላቸዋል፣ ግን ደግሞ ይሞርዱታል። እጅ የሚጨብጠው ነገር ባነሰበት ቦታ ሥራው ሁሉ የእግር ነው። እንዲህ ላለ ድንጋይ እኔ የምመርጠው ጠፍጣፋ ወይም በጥቂቱ ብቻ የቆለመመ፣ የመሃል ሶሉ (በጎማው ሶልና በእግሩ መካከል ያለው ስስ ንጣፍ) መካከለኛ ጥንካሬ ያለው፣ በክር የሚታሰር ጫማ ነው። የድሬዳዋ ዙሪያ ኖራ ድንጋይ ሌላ ጠባይ አለው፤ ለስለስ ያለ ገጽ፣ ሹል ጠርዝና ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉት። እዚያ ሹል አፍንጫ ይረዳል። (በነገራችን ላይ በዚያው አካባቢ ያሉት ፖርክ ኤፒክ ዋሻም ሆነ ለገ ኦዳ የቅድመ ታሪክ ቅርስ ናቸው። ጎማ ድንጋይ ላይ ጥቁር ጭረት ይተዋል፣ ማግኒዥያ፣ ማለትም እጅ እንዳያልብ የሚቀባው ነጭ ዱቄት፣ ደግሞ ነጭ እድፍ። ሥዕልና ቁፋሮ ባለበት ቋጥኝ አይወጣም፣ ክርክርም የለውም።)

በውድድር ላይ የምታዩዋቸው እግር ላይ የተቀቡ የሚመስሉ ለስላሳ ጫማዎች ለሌላ ዓለም የተሠሩ ናቸው። ስፖርቱ ኦሎምፒክ ከገባ ወዲህ፣ በቶኪዮ ውድድር ማለትም እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሰው ሠራሽ ግድግዳ ላይ ትልልቅ ቅርጾች ላይ እየሮጡ መዝለል የተለመደ ሆኗል። ለዚያ እጅግ ለስላሳ ሶልና የጣቶቹን ጀርባ በሙሉ የሸፈነ ጎማ ይመቻል። ይህንኑ ጫማ ሻካራ ግራናይት ላይ ብታውሉት በአጭር ጊዜ ይበሳል፣ ባታችሁም ጠርዝ ላይ ቶሎ ይደክማል።

ስለ ጎማው ራሱ እንግዲህ። የቋጥኝ ጫማ ጎማ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ በጫና ሥር የድንጋዩን ጥቃቅን ጎርበጥባጣ ይሞላል። ሁለተኛ፣ ሲጫኑት ወደ ቦታው የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፤ ይህ መዘግየት ጉልበት ይበላል፣ ሰበቃውን የሚፈጥረውም እሱ ነው። የመኪና ጎማ ለተቃራኒው ነው የተቀመመው፤ ሺህ ኪሎሜትሮችን ሳያልቅና ነዳጅ ሳይበላ መሽከርከር አለበት። በረባሶ ዕድሜ ልክ የሚያገለግለውም ለዚያ ነው። ስለዚህ «የመኪና ጎማ ብንለጥፍስ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ፦ ለመለማመጃ ጫማ ይሆናል፤ ግን እስከ አራት ሚሊሜትር መሳሳት አለበት፣ ክሩና ሽቦው የሌለበት ክፍል መመረጥ አለበት፣ ጠርዝ ላይ ቢያቆምም ጋደም ያለ ድንጋይ ላይ ግን ይከዳል። ካላማዳሪያ ሌላ ነገር ነው። ለሶል አይሆንም፤ በጣቶች ጀርባ ለመጥለፍ የሚያገለግለውን የላይ ጎማ ለመተካት ግን ስስነቱና ልስላሴው ይመቻል።

ሙቀት እዚህ አካባቢ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም። ያው ጫማ ሐረር ጠዋት ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ድሬዳዋ እኩለ ቀን ላይ ጎማው ለስልሶ ከጠርዙ ይንከባለላል፣ እግር ያልበዋል፣ ማስቲሹም ይላላል። ድሬዳዋ ያላችሁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ውጡ፤ ምርጫ ካላችሁም ጠንከር ያለውን ጎማ ምረጡ። ቪብራም የተባለው ፋብሪካ ከሚሠራቸው ጎማዎች ኤክስ ኤስ ኤጅ የሚባለው ከኤክስ ኤስ ግሪፕ 2 ይልቅ ጠንካራ ነው። ጫማን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተው ደግሞ ጫማውን ከመጣል አይሻልም።

አሁን ሥራው ጋ ደረስን፤ ሶል መቀየር። መቼ? የጫማውን አፍንጫ ከጎን አስጠግታችሁ እዩ። ሶሉና ዙሪያ ጎማው የሚጋጠሙበት መስመር አለ። አዲስ ሲሆን ከመስመሩ በታች ከሦስት ተኩል እስከ አራት ሚሊሜትር የሚሆን የሶል ጎማ ይታያል። ጠርዙ ከተድቦለቦለና ከመስመሩ በታች አንድ ሚሊሜትር ብቻ ከቀረ ጊዜው ደርሷል። መስመሩን አልፎ ዙሪያ ጎማው ከተበላ ዘግይታችኋል፤ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ቆዳው ከታየ ደግሞ የአፍንጫው ቅርጽ ራሱ ተበላሽቷል።

ያለቀበት ቦታም ይናገራል። ከአውራ ጣቱ ሥር ብቻ ተድቦልቡሎ ካለቀ ሰውየው ጫፉን እየረገጠ በአግባቡ ወጥቷል። ከአፍንጫው ፊት ለፊት ዙሪያ ጎማው ላይ ቀዳዳ ካለ፣ እግሩን ድንጋዩ ላይ እየጎተተ ነው የሚያነሳው፤ ሶል ቢቀየርለትም ያው ይበሳል። ከእግሩ መሃል፣ ከቅስቱ ሥር ያለቀበት ሰው ደግሞ በጫፍ መቆም ገና አልተማረም፤ ለእሱ ከጥገናው ምክር ይቅደም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጫማውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ። ከዚያ የግድ ፎርማ ውስጥ ይግባ፤ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ፎርማ ከሌለ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጠቅጥቁበት፣ ቁልምሙ ሳይቃና እንዲቆይ። ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ጫማው ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ተጭኖ ሲለጠፍ ቅርጹ ጠፍጣፋ ሆኖ ይደርቃል፣ የተረከዙ ውጥረትም አብሮ ይጠፋል።

የሚነሳው ሙሉው ሶል አይደለም፤ የፊተኛው ግማሽ ነው። ከጣቶቹ ሥር ካለው ሰፊ ቦታ ወደ ኋላ ሁለት ጣት ያህል አልፋችሁ አግድም መስመር አስምሩ። በፎን ወይም በሙቅ አየር ማሽን ጠርዙን አሙቁ፤ እጅ ሊነካው የሚያስቸግር ያህል ይበቃል፣ ከጨሰ አልፏል። ሙቀቱ ሶሉ ላይ ይሁን፣ ዙሪያ ጎማው ላይ አይቆይ። በስስ ቢላ ከመስመሩ ጀምራችሁ ወደ አፍንጫው ቀስ እያላችሁ ላጡ። ዙሪያ ጎማው ተከትሎ ከተነሳ አቁሙ፣ ድጋሚ አሙቁ፣ ቢላውን ወደ ሶሉ አዘንብሉ።

የድሮውን ማስቲሽ ፍቃችሁ አንሱ። ሁለቱንም ገጽ፣ የጫማውንም የአዲሱንም ጎማ፣ በ60 ወይም 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ። ብናኙን በብሩሽ አራግፉ፣ በጥቂት ቲነር ጥረጉና እስኪተን ጠብቁ። ከዚህ በኋላ በእጅ አይነካም፤ የጣት ቅባት ብቻውን ሶል ያስነቅላል። አዲሱ ጎማ አራት ሚሊሜትር ይሁን። ስድስት ሚሊሜትር «ይቆያል» ተብሎ ይለጠፋል፣ ግን እግር ድንጋዩን መስማት ያቆማል፣ የመሃል ሶሉም ሥራ ይጠፋል።

ማስቲሽ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቴም ስስ። የመጀመሪያው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይድረቅ፤ ሁለተኛው ጣት ሲነካው የሚስብ ግን የማይከተል እስኪሆን፣ አሥር ወይም 15 ደቂቃ። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ወፍራም ማስቲሽ ከተቀባ ላዩ ወዲያው ቆዳ ያበጃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ከሳምንት በኋላ አረፋ የሚያወጣው ያ ነው። ሐረር ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት በማስቲሹ ገጽ ላይ ያርፋል፤ እዚህ ከማጋጠማችሁ በፊት ሁለቱንም ገጽ በፎን ሞቅ አድርጉ። በሩን ግን ክፍት አድርጉ፤ የማስቲሽና የቲነር ትነት ቤት ውስጥ ታፍኖ የሚሠራበት አይደለም።

ማጋጠሙ ከመሃል ወደ ዳር ነው፣ አየር እንዳይታፈን። አንዴ ከነካ አይነሳም፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ። ዙሪያውን በመዶሻ አፍ ጠቅጥቁ፤ አፍንጫው ላይ ደጋግሙ፣ መንቀል የሚጀምረው ከዚያ ነው። ትርፉን ጎማ ሁለት ሚሊሜትር ትታችሁ በቢላ ቁረጡ፤ የቀረውን በመሞረጃ ማሽን እየነካካችሁ አድርሱ። አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ፣ ጎማው ይቃጠላል። ጠርዙ ስለታም ሆኖ ይቅር። የመንገድ ጫማ ላይ ዳሩን ማድቦልቦል ጥሩ አጨራረስ ነው፤ እዚህ ግን የሚረገጠው እሱ ጠርዝ ነው። ምስማር የለም፣ ስፌት የለም። ሁለት ቀን ፎርማው ውስጥ ይቆይ።

ከባዶ መሥራትስ ይቻላል? ከጫማ ሰሪዎቹ ለመሞከር የሚያስቡ አሉ፤ ጠፍጣፋውን፣ በክር የሚታሰረውን ዓይነት መሥራት ይቻላል ብዬ አምናለሁ፣ ፎርማው እስከተቀረጸ ድረስ። ለላይኛው ክፍል የፍየል ቆዳ ምረጡ፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ፤ የበግ ቆዳ ለጓንት ይመቻል እንጂ እዚህ ይለጠጣል፣ ይቀደዳል። ቆዳ በጀርባ አጥንቱ አቅጣጫ ሲለጠጥ ትንሽ፣ ወደ ጎን ሲለጠጥ ብዙ ይሰጣል። ከአፍንጫ እስከ ተረከዝ ያለው መስመር በጀርባ አጥንቱ አቅጣጫ ይቆረጥ። ገበሩ አቡጀዲ ቢሆን ይበቃል። ክሩ ናይለን ይሁን፤ የጥጥ ክር በላብ ይበሰብሳል። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ያሉት የልብስ መኪናዎች የቆዳ መርፌ ከተገባላቸው ስስ ቆዳን ከአቡጀዲ ጋር ይሰፋሉ፤ ስፌቱ ግን ሦስት ሚሊሜትር ይራራቅ፣ ከተጠጋጋ ቆዳው በቀዳዳዎቹ መስመር ይተረተራል። የመሃል ሶሉ አንድ ሚሊሜትር የሚሆን፣ ታጥፎ የሚመለስ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ካርቶን በላብ ይሟሟል።

ከተሰብሳቢው ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱ እዚህ ይመዝገቡ።

አንዲት ወጣት «የሴት ተብሎ የሚሸጠው ጫማ በእውነት ይለያል ወይ?» ብላ ጠየቀች። የሚለየው ስፋቱ ነው፤ ተረከዙ ጠበብ፣ የእግር ጀርባው ዝቅ ያለ ነው። ጠባብ እግር ያለው ወንድ እሱን ይግዛ፣ ሰፊ እግር ያላት ሴት ሌላውን። ቀለሙን እርሱት።

አንድ አባት ደግሞ የ11 ዓመት ልጃቸው መውጣት እንደጀመረ ነግረውን ምን ይግዙለት እንደሆነ ጠየቁ። አባባ፣ ጠፍጣፋ፣ ለስላሳ፣ በማጣበቂያ ጥብጣብ (ቬልክሮ) የሚዘጋ ጫማ ይሁን፤ ጣቶቹ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት፣ ያለ ሕመም ቆሞ የሚራመድበት። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ ጫፍ ላይ ገና አልጠነከረም፤ ጠባብና ቆልማማ ጫማ ለእሱ አይገዛም፣ ልጁ ቢለምንዎትም። በየሦስት ወሩ እግሩን ወረቀት ላይ ያስምሩና ከጫማው ውስጠኛ ርዝመት ጋር ያስተያዩ። ጣቶቹ መታጠፍ ከጀመሩ ጫማው ለታናሹ ይለፍ፤ ሶሉ ገና ቢሆንም።